ለፀጉር መሳሳት አዲሱ ቅባት፦ ምን ያህል ተስፋ እናድርግበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አናት ላይ ለሚሳሳ የወንድ ፀጉር አዲሱ ቅባት ክላስኮቴሮን የተለመደውን የፀጉር ማሳደጊያ ሚኖክሲዲልን ይተካል?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ ሥራቸው ይለያያል። ክላስኮቴሮን ዲኤችቲ የተባለው ሆርሞን የፀጉሩን ሥር እንዳያቀጭጭ ሆርሞኑ የሚጣበቅበትን ተቀባይ ይዘጋል። ሚኖክሲዲል ሆርሞኑን አይነካም፤ የፀጉሩን የእድገት ጊዜ ያራዝማል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው 1% ክሬም ለብጉር ነው። ለፀጉር የተሞከረው 5% ፈሳሽ ስለሆነ የብጉሩን ክሬም አናት ላይ መለቅለቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ፦ የፀጉሩ ክላስኮቴሮን ገበያ ላይ እስኪወጣ ያለውን በትክክል ተጠቀሙ። 5% ሚኖክሲዲል፣ 1 ሚሊ ሊትር፣ ጠዋትና ማታ፣ በደረቀ ቆዳ ላይ። ቆዳው ላይ እንጂ ፀጉሩ ላይ አይደለም! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው። 4 ወር ሳይሞላ አትፍረዱ። ካሳከከ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ማሟሟያ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ በአረፋ መልክ በሚሸጠው ሚኖክሲዲል ውስጥ የለም። (ድመት ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ ሚኖክሲዲል ለድመት መርዝ ነው።)

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቆዳውን በትንንሽ መርፌዎች በሚወጋ ሮለር ማገዝስ?

መልስ፦ 1.5 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ በሳምንት አንዴ፣ ከሚኖክሲዲል ጋር ሲሆን የተሻለ ውጤት ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። በተወጋው ቆዳ ላይ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ ሚኖክሲዲል አትቀቡ፤ በብዛት ወደ ደም ገብቶ ልብ ሊያስመታ ይችላል። ቆዳው ለስልሶ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሮለሩም ከቅባቱም ብዙ አትጠብቁ።