ድንኳን በዘጠኝ ዓመትና በአርባ ሰባት

የግራር ጥላ፦

ጤና ይስጥልኝ። ድንኳን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደርሁት በ1979 ዓ.ም.፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ነው። አባቴ ከሥራ ባልደረባው የተዋሰው ከባድ የሸራ ድንኳን ነበር። የሸራውና የቡታጋዙ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ቡናማ ውሃ ስንንቦጫረቅ ውለን፣ ማታ ድርቆሽ ፍርፍር በልተን፣ ከእህቶቼ ጋር ሰሌን ላይ ተጋደምን። ሌሊቱን አላውቀውም፤ ተኛሁ፣ ነጋ። አባቴ ሳይመሽ በድንኳኑ ዙሪያ በአካፋ ቦይ ሲቆፍር አይቼዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለምን እንደሚደክም አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ጥቅምት ሁለቱን ልጆቼን፣ የአሥራ አራት ዓመቱን ወንድ ልጄንና ታናሽ እህቱን፣ ይዘን ከባለቤቴ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄድን፤ ያደርነው ዲንሾ ነው። ማታ የደጋ አጋዘኖች ከድንኳናችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ይግጡ ነበር። ትንሿ ልጄ እጄን ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ ቀረች። ያችን ደቂቃ በምንም አልለውጣትም።

ሌሊቱ ግን ከበደኝ። ብርዱ ከመሬት ተነሥቶ ወገቤን ያዘኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረና ውሃው በባለቤቴ በኩል ገባ። ቦይ አልቆፈርሁም ነበር! ልጆቹ አልነቁም። እኔ ግን እስኪነጋ ተቀምጬ አባቴን ሳስብ አደርሁ። ላንጋኖ ላይ እንቅልፍ በዓይኑ ዞሮ ይሆን? እሱን ልጠይቀው አልችልም፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው።

ባለቤቴ ከእንግዲህ ቀን ፓርኩን አይተን ማታ ሮቤ ከተማ ሆቴል እንደር ትላለች። ልጆቹ ድንኳኑን ይፈልጋሉ፤ እኔም እፈልገዋለሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የወይና ደጋ ሰው፦

ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ዓይን አይዩአቸው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ዲንሾ ከ3,000 ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የአባትዎ ሰሌን ዲንሾ ላይ አያድንም ነበር። የሚነጠፈው ከሚለበሰው ይብለጥ፦ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከላዩ የታጠፈ ጋቢ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። በኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተው እግርዎ ሥር ይክተቱ። ከዲንሾም ከፍ የሚለውን የፓርኩን የሳነቴ አምባ ቀን ይዩትና ለማደር ወደ ዲንሾ ይመለሱ። ቦዩን ግን ይተዉት፤ ፓርክ ውስጥ የተቆፈረ መሬት ቶሎ አያገግምም። ውሃ የማይቋጥር ትንሽ ጉብታ ላይ ከተከሉ ይበቃል።

የሦስት ልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ ስለ አባትዎ የጻፉት ልቤን ነካው፤ ግን እናትዎስ? እኔም በልጅነቴ ላንጋኖ ሄጃለሁ። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከቡታጋዙ ሥር አልተነሣችም፤ እግሯ ውሃ አልነካም። ይህን ያስተዋልሁት እኔው ራሴ በአርባ ዓመቴ ሐይቁን ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። አሁን እኛ ቤት ድንች የሚልጡት ልጆቹ ናቸው፣ የሚያበስለው አባታቸው፤ እኔ እዋኛለሁ። ወገብዎም የታመመው ጭነቱን፣ ተከላውንና ጥበቃውን ለብቻዎ ስለያዙት ይሆናል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ድንኳን መትከል ይችላል፤ ያስተምሩት።

የግራር ጥላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት እናቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። «አባትህማ ገና ጎኑ ሳያርፍ ነው ያንኮራፋው» አለችኝ። ያላንቀላፋችው እሷ ነበረች። እኔ በልጅነቴ በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ የመሄድ ልማድ ነበረኝና ወደ ውሃው እንዳልሄድ ነጠላዋን ከእግሬ ጋር አስራ፣ ጫፉን ይዛ አድራለች። እኔ ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ለገና ዕረፍት ላንጋኖ እንሄዳለን፣ እሷም ጭምር። ድንኳኑን ልጄ ይተክላል። ለእሷ ክፍል ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ብቻ አምጣልኝ ብላኛለች፣ ውሃው አጠገብ የሚቀመጥ።