ሞክሼ በዝቶብኝ መንገድ ጠፋኝ

ጅማ ነው የምኖረው። የአያቴን የትውልድ መንደር እየፈለግሁ ነው። በእጄ ያለው አንድ የ1958 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ብቻ ነው። ስሙ ከነአባቱ ይነበባል። ከቦታው ግን የተረፈው «ሰቃ» የሚለው ቃል ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ወረቀቱ ተቀድዷል። ሁለቱም የጅማ ዞን ወረዳዎች ናቸው፤ ሊሙ ሰቃ ይሁን ሰቃ ጨቆርሳ ግን አይታወቅም።

ለጅማ የሚቀርበው ሰቃ ጨቆርሳ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ሄድኩ። የአያቴን ስም ከነአባቱ የያዘ ሰው ቤተሰብ ተገኘ። ተቃቀፍን፣ ቡና ተፈላ። ዘር ስንቆጥር ግን ቅድመ አያት ላይ ተለያየን። ለካ ሞክሼ ነው! እኛ አገር ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ የአባት ስም ቢገጥምም ዘመድ አያደርግም። ከተማ ውስጥ «ሰቃ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ባለሱቅም ጠይቄ ነበር። ስሙን ከቀድሞው ተከራይ ነው የወረስኩት አለኝ።

አባቴ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ በበቅሎ ወደ ጅማ ሲመጡ መንገድ ላይ አድረዋል። ከሰቃ ጨቆርሳ ለመምጣት ማደር አያስፈልግም። ስለዚህ ልቤ ወደ ሊሙ ሰቃ አድልቷል። አሁንም በስም ብቻ ሄጄ ሌላ ሞክሼ ማቀፍ አልፈልግም። የዚያን ዘመን የግብር መዝገብ አፈላልጎ የሚያውቅ ካለ፣ የት ቢሮ ልጠይቅ፤ ወረዳው ጋ ነው ወይስ ዞኑ?