ቮልቴጅ በሰከንዶች ውስጥ እንዳይወድቅ፦ በድሬዳዋ የጋራ ምክረ ሐሳባችን ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል። ረቂቁ በዋናነት የሚጠይቀው በከተማችን ማከፋፈያ ጣቢያዎች ተጨማሪ ካፓሲተር (ቮልቴጅን የሚደግፍ መሣሪያ) እንዲተከል ነው። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የጥበቃ ሪሌይ (ችግር ሲያይ መስመር የሚያስቆርጥ መሣሪያ) ባለሙያ፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ካፓሲተር የመጀመሪያው ጥያቄያችን ባይሆን እመርጣለሁ። የምንነጋገረው ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ቮልቴጅ ሳይሆን፣ በመስመር ላይ የተፈጠረው ሾርት ሰርኪዩት ከተቆረጠ በኋላ ቮልቴጁ ወደ ቦታው መመለስ ስለሚያቅተው ስለ እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው። የኢንዳክሽን ሞተር (በፓምፕና በኤሲ ውስጥ ያለው የተለመደ ሞተር) ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚወርድ፣ ቮልቴጁ 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ 49 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ጭነቱን መሸከም ያቃተው ሞተር ይቆማል፣ ቆሞም ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስና አብዛኛው ሪአክቲቭ የሆነ (ሥራ የማይሠራ፣ የሞተሩን መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥር) ከረንት ይስባል። ያ ከረንት ቮልቴጁን ይበልጥ ስለሚያወርደው በአጠገቡ ያሉት ሞተሮችም ይከተላሉ። ካፓሲተር የሚሰጠው ሪአክቲቭ ፓወርም በዚያው ካሬ ስለሚቀንስ፣ አጥብቀን በምንፈልገው ሰዓት ግማሹን እንኳ አይሰጠንም። ሞተሮቹን የሙቀት መከላከያቸው ሲቆርጣቸው ደግሞ ካፓሲተሩ እንደተገናኘ ይቀርና ቮልቴጁን ከልክ በላይ ያወጣዋል። ስታትኮም (በኤሌክትሮኒክስ ሪአክቲቭ ፓወር የሚሰጥ መሣሪያ) ግን በወረደ ቮልቴጅም ሙሉ ከረንቱን ስለሚሰጥ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ጥያቄያችን እርሱ ሊሆን ይገባል።

የውኃ ፓምፕ ጥገና ባለሙያ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን ማስቀደም አለብን። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ስለሆነ ፓምፖቻችን ብዙ ናቸው። ቮልቴጅ ሲወድቅ የፓምፑ ኮንታክተር (ሞተሩን ከመስመሩ የሚያገናኘው ማብሪያ) ይለቃል፤ ይህ ለመስመሩ እፎይታ ነው። ፈተናው ቮልቴጁ ሲመለስ ይመጣል፤ በራሱ እንዲነሣ የተደረገ ፓነል ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣል። ብዙ ጊዜ ፓነሉን ስከፍት የማስነሻ ታይመሩን ዜሮ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፓምፖቹን በየተራ እንዲነሡ ማድረግ የአንድ ካቻቪቴ ሥራ ነው።

ሰብሳቢ፦ እናመሰግናለን፣ እህታችን። የየቤቱ አየር ማቀዝቀዣስ (ኤሲ)?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። የቤት ኤሲ ኮምፕሬሰር ትንሽና ቀላል ስለሆነ ቮልቴጁ በእጅጉ ከወረደ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆማል፤ የሙቀት መከላከያው እስኪቆርጠው ግን ብዙ ሰከንዶች ያልፋሉ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ኤሲው ሁሉ በሚሠራበት ሰዓት አደጋው የት እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም። ሪአክቲቭ ፓወር ከሩቅ ተጉዞ አይደርስም፤ ከቆቃ በ230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚመጣልን ኃይል ይህን ጉድለት አይሞላውም፣ መፍትሔው እዚሁ ድሬዳዋ መቀመጥ አለበት። ስለ ስታትኮም መጠን ከመናገራችን በፊት በማከፋፈያ ጣቢያዎች የቮልቴጁን ውጣ ውረድ የሚመዘግብ ፈጣን መቅጃ ተተክሎ የሞተር ጭነቱ ድርሻ ይለካ፤ ያለ ልክ የተጠየቀ መሣሪያ ወይ ያንሳል ወይ ገንዘብ ያባክናል።

የጥበቃ ሪሌይ ባለሙያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቮልቴጅ ሲወርድ ጭነት የሚቆርጥ ሪሌይም ይካተት፤ ብልሽቱ ገና ሳይቆረጥ እንዳይሠራ መታገሥ፣ ሞተሮቹ ከመቆማቸው በፊት ደግሞ መድረስ ስላለበት የጊዜ ልኩ ከልኬቱ ውጤት ጋር መያያዝ ይኖርበታል። ሆስፒታሎች ከሚቆረጡት መስመሮች ውጭ ይሁኑ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁ የፓምፖቹን ታይመርና የመቅጃዎቹን ተከላ በማስቀደም ይጻፋል፤ የጭነት መቁረጫው ሪሌይ ቀጥሎ ይገባል፤ የስታትኮሙ ጥያቄም መጠኑ ሳይጠቀስ ይቀመጣል። የካፓሲተሩ አንቀጽ ለዕለታዊ የቮልቴጅ ድጋፍ ብቻ መሆኑ ተጠቅሶ ወደ አባሪው ይዛወራል። የፓምፑን ክፍል እህታችን፣ የሪሌዩን ክፍል ባልደረባችን ጽፈው ይላኩልኝ።