የትምህርት ቤታችን ቦኖ፦ ለወረዳው የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስገባው ሐሳብ ከክረምቱ በፊት መድረስ አለበት። መነሻ ረቂቁ «አሮጌው ቦኖ ይታደስ» ይላል። የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ እዚሁ ጻፉ።

አባል፣ ከቡሬ፦ ጋሼ፣ ያ ቦኖ እንዳለ ይታደስ ማለት ሰልፉም እንዳለ ይቀጥል ማለት ነው። ያለችን አንዲት ቧንቧ ነበረች። አንዱ አጎንብሶ በእፍኙ ሲጠጣ ከኋላው ያለነው ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ አስር ሲሞላ ትከሻውን ይዘን ገለል ማድረግ ነው። ለጓደኛ «አ...ንድ፣ ሁ...ለት» እየተባለ ይጎተትለታል፤ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ሲደርስ ግን ከሦስት ቀጥሎ ስምንት ይመጣል። ቁጥሩን በቅጡ ስለማያውቅ አይከራከርም፤ አገጩን በእጅጌው ጠርጎ ይሄዳል።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እኔ መቁጠር የተማርኩት እዚያ ሰልፍ ላይ ነውና አትንኩብኝ! ሒሳቡ ግን እርስዎን ይደግፋል። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ፣ ማለትም 900 ሴኮንድ ነው። ለአንድ ልጅ አስር ሴኮንድ ለመጠጫ፣ አምስት ለመቀያየሪያ ብንይዝ አንዲት ቧንቧ የምታደርሰው ለ60 ልጅ ነው። በአንድ ፈረቃ 320 ተማሪ አለ። ስድስት ቧንቧ እንደምንም ይበቃል፤ ስምንት እንበልና ሁለቱ ለትናንሾቹ ዝቅ ብለው ይሠሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቧንቧ መደርደሩስ ይሁን፤ ውሃው ከየት ይመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ በቀን 5 ሊትር ይላል። ሁለቱ ፈረቃ 640 ተማሪ ስለሆነ 3200 ሊትር ነው። ባለ 5000 ሊትር ሮቶ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ያቆየናል። በበጋ መስመሩ ሦስት ቀን ሲጠፋ ማየት አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ሮቶ እንጠይቅ።

አባል፣ ከሞጣ፦ የጣሪያው ውሃስ? አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ አይሰስትም።

ገንዘብ ያዥ፦ አይሰስትም፣ እኅቴ፤ ግን ዶፉ የሚወርደው ልጆቹ ቤታቸው እያሉ ነው። ለመስከረም ሞልቶ የጠበቀን ሮቶ ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል። ለእጅ መታጠቢያና ለችግኝ ይዋል፤ ለመጠጥ አንመካበት።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ ጥገናውን የዘለላችሁት መሰለኝ። ከዚህ በፊት በእርዳታ የተተከለው መታጠቢያ መሥራት ያቆመው አንዲት ላስቲክ አልቃ ነው፤ የምትገዛው በጥቂት ብር ነበር። ያችን የሚገዛ ሰው ካልሰየምን ስምንቱም ቧንቧ በዓመቱ ጌጥ ይሆናል። ወለሉም በሲሚንቶ ይሠራ፣ መውረጃ ቦይም ይኑረው፤ ጭቃውን ታስታውሳላችሁ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ «ይታደስ» የሚለው ወጥቶ «ስምንት ቧንቧ ያለው አዲስ ቦኖ፣ ሁለት ሮቶ፣ የሲሚንቶ ወለልና መውረጃ ቦይ» የሚል ይግባ። ግንባታውን ከወረዳው እንጠይቃለን፤ ጥገናውን ማኅበሩ ይወስዳል። መዋጮው በየወሩ ይሁን ወይስ በዓመት አንዴ የሚለውን ገንዘብ ያዣችን እስከ ቅዳሜ ያቅርቡልን።