የሪጋ ገበያ ለማን ይሁን?

ጠያቂው፦ ክርክር ላንሳ። የላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ማዕከላዊ ገበያዋን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አምስት ትልልቅ አዳራሾች አሉት። የላይኛው አካላቸው የተሠራው ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዜፕሊን የሚባሉትን የአየር መርከቦች ያቆሙባቸው ከነበሩ ሃንጋሮች ተነቅሎ በመጣ ብረት ነው። በ2019 ከአዳራሾቹ በአንዱ ውስጥ የምግብ ቤቶች መደዳ ተከፈተ። ደግ አደረጉ ወይስ ገበያውን ለቱሪስት ሸጡት?

የሪጋዋ ተማሪ፦ ሸጡት እንጂ! እኔ አስቤዛ የምገዛው እዚያ ነው። የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን የምትሸጠው እናት በሹካ አንስታ ትዘረጋልሻለች፤ ሳትቀምሺ አትገዢም። አጠገቧ ኪያር ከነእንስላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ኮምጥጦ ተደርድሯል። ዓሣው አዳራሽ ከገባሽ ደግሞ የጭሱ ሽታ ልብስሽ ላይ ያድራል። ወርቅ የመሰለ የታጠነ ዓሣ፣ ከጣት የማይበልጠው ሁሉ። በርገርና ቢራ የትም አለ፣ እዚህ ምን ይሠራል?

ባለ ካፌው፦ እህቴ፣ ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ኪራይ በስሜት አይከፈልም። ከተማው ሪሚና ማክሲማ በሚባሉ ሱፐርማርኬቶች ተሞልቷል። ወጣቱ ከሥራ ሲወጣ እዚያው ጎራ ብሎ ይገዛል። ገበያው ሰው ካልሳበ ጎመን ሻጯም ትዘጋለች። በርገር ሊበላ የመጣው ሲወጣ ዓሣ ይገዛ ይሆናል።

የሪጋዋ ተማሪ፦ "ይሆናል" አልክ። እኔ የማየው ፎቶ አንስቶ ሲሄድ ነው።

መንገደኛው፦ ልጆች፣ አንድ ነገር አትርሱ። ገበያው ራሱ በጊዜው "ዘመናዊ" ተብሎ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ነጋዴው ዳውጋቫ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ነበር የሚሸጠው። ለንጽሕና ተብሎ ጣሪያ ሥር ገባ፤ ከሥሩ መጋዘን ተቆፈረለት። ያኔም ሳይከፋው የቀረ አይመስለኝም።

የሪጋዋ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ያኔ ነጋዴው ከነዕቃው ነው የገባው። አሁን ጣሪያው ቀርቶ ነጋዴው እየወጣ ነው።

ጾመኛዋ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ግራጫ አተር የሚባል አላቸው፣ የአውሮፓ ኅብረት ሳይቀር ስሙን በሕግ የጠበቀለት። የገና ምግባቸው ነው። ግን ከአሳማ ሥጋና ሽንኩርት ጋር ነው የሚሠሩት፤ የእኛ ሰው ሰተት ብሎ እንዳያዝ! ጥሬውን ገዝቼ በዘይት አበስለዋለሁ። ከጥቁሩ አጃ ዳቦ ጋር ለጾም ምን ይወጣለታል? ታዲያ አተሩን የሚሸጥልኝ ከሌለ በርገሩ ምኔ ነው?

ባለ ካፌው፦ ሰፈሩ እኮ በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ነው። ማን ያፈርሰዋል?

የሪጋዋ ተማሪ፦ ዩኔስኮ የሚጠብቀው ጣሪያውን ነው፣ ጎመን ሻጯን አይደለም። ምግብ ቤት ይኑር፤ ግን የአዛውንቶቹን ሻጮች የጠረጴዛ ኪራይ ከምግብ ቤቶቹ ገቢ ይደጉሙላቸው።

ባለ ካፌው፦ በዚህስ እስማማለሁ። ግን ድጎማው በስንት ሜትር ጠረጴዛ ይሰላ? ዓሣ ሻጩም "እኔስ?" ማለቱ አይቀርም።