ናኖ ቅንጣቱ እርሳሱን ከውሃ ያወጣል፤ ናኖውንስ ማን ያወጣዋል?

የውሃ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ እህታችሁን እርዷት። የማስተርስ ጥናቴ ማግኔታይት በሚባለው የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) እርሳስን፣ ሊድ የሚባለውን መርዛማ ማዕድን፣ ከውሃ ማውጣት ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ በተጣራ ውሃ ውስጥ በሊትር 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ጨምሬ 99 በመቶው ወጣልኝ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። ግን እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን በየቤቱ አልገባም? ቅንጣቱ ራሱ ውሃው ውስጥ ቢቀርስ?

ቤተ_ሙከራ፦
እንኳን ደስ አለሽ። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 99 በመቶው ሲወጣ 1 ሚሊ ግራም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ያጣራሽው ውሃ ገና የዚያን 100 እጥፍ እርሳስ ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ የወጣውን በመቶኛ ሳይሆን የቀረውን ጻፊ።

ፒኤችሽስ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ስንት ነበር? ከፍ ካለ እርሳሱ ያለ ምንም ናኖ በራሱ ይዘቅጣል፣ አንቺ ግን ቅንጣቱ የያዘው ይመስልሻል። ናኖ ያልገባበት አንድ ጠርሙስ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይኑርሽ። ይሄን በጣም አደራ እልሻለሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጉድጓድ፦
በተጣራ ውሃ መሞከር ለጅምር ይሆናል እንጂ እውነተኛው ውሃ ሌላ ነው። የ10 ናኖ ሜትር ማግኔታይት አንድ ግራሙ ብቻ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የገጽ ስፋት አለው፣ እርሳሱ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ጉልበቱም እሱ ነው፤ ነገር ግን የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከእርሳሱ በሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ ማግኒዚየሙ አለ፣ ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣው አለ፣ ሁሉም ያንኑ ገጽ ይሻማል።

ቅንጣቱን ከውሃው ስለ ማውጣት ደግሞ፣ ማግኔት ይስበዋል። በ2006 የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ናኖ ሜትር የሚሆኑ የማግኔታይት ቅንጣቶችን ጠንካራ ባልሆነ ማግኔት ከውሃ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። እኔ ብሆን ግን አሸዋ ላይ አጣብቀዋለሁ። የተወሰነ የገጽ ስፋት ታጫለሽ፣ ግን አያመልጥሽም። በሁለቱም መንገድ ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ውስጥ ብረት መኖሩን ለኪ።

ቤተ_ሙከራ፦
እርሳሱ ደግሞ አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ቅንጣቱን እንደገና ለመጠቀም በአሲድ ስታጥቢው እርሳሱ በሙሉ ትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያ ከመጀመሪያው ውሃ የባሰ መርዝ ነው። የት እንደሚሄድ ጥናትሽ ውስጥ ካልተጻፈ ሥራው ግማሽ ነው።

የውሃ_ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ናኖ የሌለበትን ጠርሙስ ነገ እጀምራለሁ። አሲዱ ቅንጣቱን አያሟሟውም?

ጉድጓድ፦
ጠንካራ ከሆነ ያሟሟዋል። ቀጭን አድርጊው፣ ቶሎ አውጪው፣ ከየእጥበቱ በኋላም መዝኚው።