አስቸኳይ፦ ዋናው ገጸ ባሕሪያችን ሲጸጸት ተመልካቹ ይስቃል

ጠያቂ፣ ከማራኪ
እንደምን አመሻችሁ? ቅዳሜ ማታ እዚሁ ጎንደር የምናሳየው ተውኔት አለ። ትናንት በመጨረሻው ልምምድ ጥቂት ሰዎች ጋብዘን ስናሳይ፣ የተውኔቱ እምብርት ነው ብለን የምንመካበት የጸጸት ትዕይንት ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰውዬው ተንበርክኮ ደረቱን እየደቃ በደሉን ሲናዘዝ ነው የሳቁት። ተዋናዩ ያንን ንግግር ዳግመኛ አልናገርም ብሏል፤ ፖስተሩ ግን ታትሞ ፒያሳ ተለጥፏል፣ ቲኬትም እየተሸጠ ነው። ታላላቆቹ ደራስያን የበደለኛን ጸጸት እንዴት ነው የጻፉት? ነገ ጠዋት የተስተካከለውን ጽሑፍ ለተዋንያኑ ማድረስ ስላለብኝ፣ የምታውቁ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።

አዘዞ ማዶ
ተመልካቹ ከሳቀ ተውኔቱ አስቂኝ ሆኗል ማለት ስለሆነ፣ ፖስተሩ ላይ «አሳዛኝ» የሚለውን በቀለም ሸፍኑትና እፎይ በሉ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ከመቸኮልህ በፊት ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይበጅሃል። በደልና መዘዙ በመድረክ ላይ መታየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት አቴና ውስጥ በታየው የግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት የኤስኪለስ ሥራ፣ ኦሬስቴስ የአባቱን ደም ለመበቀል እናቱን ከገደለ በኋላ የበቀል አማልክት ሲከቡት ያያል፤ አጠገቡ የቆሙት ዘማሪዎች ግን ምንም አይታያቸውም። የሌላው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ የሶፎክልስ ኤዲፐስ ደግሞ አባቱን የገደለውም እናቱን ያገባውም ሳያውቅ ነው። ቴቤስን የመታው መቅሠፍት በማን ምክንያት እንደመጣ ለማወቅ ምርመራውን የሚመራው ራሱ ነው፣ ገዳዩንም በአደባባይ የሚረግመው ራሱ ነው። እውነቱ ሲገለጥ የገዛ ዓይኑን ያጠፋል፤ ይህ ግን በተመልካች ፊት አይደረግም፣ ከቤተ መንግሥቱ የወጣ መልእክተኛ ነው የሚተርከው። ደራሲው አቅም አንሶት እንዳይመስልህ። አርስቶትል እንግዲህ የአሳዛኝ ተውኔት ባለታሪክ ፍጹም ክፉ ወይም ፍጹም ጻድቅ እንዳይሆን የሚመክረው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ስለ እርሱ ሰፋ አድርጌ ነገ እጽፍልሃለሁ።

ቁስቋም ሰፈር
መምህር፣ ሰውዬው ጽሑፉን የሚያስረክበው ነገ ጠዋት ነው። ይልቅ ጠያቂ ሆይ፣ ገጸ ባሕሪው የበደለው ምንድን ነው? ይህን ሳይነግሩን መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም።

ጠያቂ፣ ከማራኪ
የዕድር ገንዘብ ያዥ ነው። ለአዲስ ድንኳን መግዣ የተዋጣውን ገንዘብ ለራሱ ንግድ አውሎ ከስሮበታል። በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ሒሳብ ሲመረመር ጉድለቱ ይገኛል፤ እርሱም ተነሥቶ ይናዘዛል። ንግግሩ ሦስት ገጽ ነው።

የአራዳው አንባቢ
ሦስት ገጽ! ይቁረጡት። የሼክስፒርን ተውኔት «ማክቤዝ»ን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድህን ወደ አማርኛ መልሰውታልና ካገኙት ዛሬ ማታ ሁለት ቦታ ብቻ ይዩ። ንጉሥ ዳንከንን በገደለበት ሌሊት ማክቤዝ ደም የነካውን እጁን እያየ ሲርበተበት፣ ሚስትየው ጥቂት ውኃ ካገኘን ነገሩ ከላያችን ይጠራል ብላ ታቃልልበታለች። በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ግን ያችው ሴት በእንቅልፍ ልቧ መብራት ይዛ ትመጣለች፤ እጆቿን ደጋግማ ታሻሻለች፣ የደሙ ነጠብጣብ አልለቅ ብሏታል። ሐኪምና ደንገጡር ጥግ ቆመው ያዩዋታል፣ ሐኪሙም ይህ ከእኔ ሙያ በላይ ነው ይላል። እርሷ ከዚያ ወዲያ ወደ መድረክ አትመለስም፤ መሞቷን የምንሰማው በወሬ ነው። ተጸጽቻለሁ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አልተናገረችም፤ ያቺን ሴት ያየ ሰው ግን አይስቅም። ባልየው በበኩሉ ጸጸቱን የሚያፍነው ሌላ ሰው በማስገደል ስለሆነ፣ የጦር ባልደረባውን ባንኮን አስገድሎ ግብር ሲያበላ የሟቹ መንፈስ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይታየዋል። ከእንግዶቹ አንድም ሰው አያየውም።

ተቃዋሚው
እኔ ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። ገንዘብ ያዡ የሚያለቅሰው ሒሳቡ ተመርምሮ ጉዱ ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ጸጸት መሆኑን በምን እናውቃለን? ተመልካቹ የሳቀው ስላላመነው ነው፣ ሳቁም ትክክለኛ ፍርድ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1866 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕሪ ራስኮልኒኮቭ አራጣ አበዳሪዋን አሮጊትና ድንገት የደረሰችባትን እኅቷን በመጥረቢያ ከገደለ በኋላ፣ ማንም ሳይጠረጥረው በትኩሳት ይወድቃል። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራው ለአከራዩ ባለበት ዕዳ ነው፤ እዚያ ስለ ግድያው ሲወራ ሰምቶ ራሱን ይስታል። የዘረፈውን ከድንጋይ ሥር ቀብሮ አንዲት ሳንቲም አይጠቀምበትም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ራሱ ሄዶ ወንጀሉን አምኖ፣ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ከወረደ በኋላም ለረጅም ጊዜ በልቡ አለመጸጸቱ ነው። እጁን ሰጥቷል፣ ልቡን ግን አልሰጠም። እርስዎ ሁለቱን በአንድ ጉልበት ማንበርከክ ላይ ጨረሷቸው።

ጠያቂ፣ ከማራኪ
ወንድሜ፣ አነጋገርዎ ቢከብድም ገብቶኛል። ነገር ግን ሰውዬው ሳይናዘዝ ከቀረ፣ የሚመጡት የሰፈር ሽማግሌዎች ሌብነትን አወደሳችሁ ብለው እንዳይወቅሱን እፈራለሁ።

የአብነት ተማሪ
ሽማግሌዎቹ ከእርስዎ በፊት የሰሙት ታሪክ ስለሆነ አይወቅሱዎትም። ጴጥሮስና ይሁዳ የወደቁት በአንድ ሌሊት ነው። ጴጥሮስ ዶሮ ሲጮኽ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ወንጌሉ ንግግር አላስነገረውም። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ በድያለሁ ብሏል፣ ሠላሳውን ብርም ይዞ ተመልሷል። ካህናቱ ግን ለእኛ ምናችን ነው አሉት፤ ብሩን በቤተ መቅደስ በትኖ ሄደና ታንቆ ሞተ። ለገንዘብ ያዥዎ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አላውቅም፦ ገንዘቡን ከየትም ለቃቅሞ ይዞ ቢመጣና የሚቀበለው ቢያጣስ? በላዔ ሰብእንም ያስቡት። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው በጥርኝ ውኃ የዳነበት ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሏል። ሠዓሊው ነፍሳቱን በአንድ ወገን፣ ውኃውን በሌላ ወገን አድርጎ ሚዛኑን ያሳያል እንጂ ሰውዬው ሲያለቅስ አያሳይም።

ቀበሌ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ከላይ የተጻፈውን በሙሉ አላነበብኩትም፤ የእኔ ምክር ግን ንግግሩ ረዝሞ ሊሆን ስለሚችል እንድታሳጥሩት ነው።

የአራዳው አንባቢ
እናመሰግናለን።

ቁስቋም ሰፈር
አንድ ነገር ልጨምር፤ በደል የሌለበትም ሰው በዚህ ሊሠቃይ ይችላል። በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የሚያስጨንቀው ወላጆቹ በልጅነቱ የተሳሉበት ስለት ነው። ስለቱን የተሳሉት እነርሱ፣ ሕሊናው የሚቆስለው እርሱ። በእናንተ ተውኔት የገንዘብ ያዡ ልጆች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ማለቴ ነው። ለቅዳሜ ግን አይደርስም።

አዘዞ ማዶ
እኔ እንደተለመደው ልቀልድ። ጉባኤውን ተዉትና ሌሊት አድርጉት፤ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ተኝቶ ሳለ የዕድሩ ጡሩንባ ይነፋ። ሚስትየው ብድግ ብላ «ማን ሞተ?» ትበል። እርሱ ግን የሞተውን ሳይጠይቅ «ድንኳኑን ማን ሊያመጣ ሄደ?» ይበል። ከዚያ እርሷ ዝም ብላ ትየው፣ መጋረጃ። ሦስት ገጽ ቀርቶ ሦስት መስመር አይሞላም፣ ተዋናዩም ጉልበቱ ይተርፈዋል።

ተቃዋሚው
ይህ ቀልድ አይደለም። ማንም ሳይዘው ራሱን በራሱ ይዟል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ የአዘዞውን ሰው ስማው። የምጨምርልህ አንድ ነው፦ ሚስትየው እንደገባት በቃል እንዳትናገር። ለቅሶው የጎረቤት ከሆነ ደግሞ ጠዋት ሰው ሁሉ በአሮጌው ቀዳዳ ድንኳን ሥር ተቀምጦ፣ ገንዘብ ያዡ ፀሐይ የገባበትን ቀዳዳ በገዛ ነጠላው ሊሸፍን ሲሞክር ልታሳየው ትችላለህ። ሰዎቹ ስለ ትጋቱ ይመርቁት።

ጠያቂ፣ ከማራኪ
ምርቃቱ ላይ ደንግጬ ቀረሁ። አሁኑኑ ልጽፈው ነው። ጡሩንባ ከየት ይገኛል?

የአብነት ተማሪ
ከየትኛውም ዕድር ለምነው ይዋሳሉ፤ ነገር ግን አዳራሹ መኖሪያ ሰፈር መካከል ከሆነ ለጡሩንባ ነፊውና ለአካባቢው ሰው አስቀድመው ያስታውቁ። ማታ ጡሩንባ የሰማ ጎረቤት ተውኔት ነው ብሎ አያስብም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ አዳራሹ በር ላይ ይደርስብዎታል።